ለሲስተራችን ምስጋና፣ ለኦፕሬሽን ክፍል ባለሙያዎች ጥቆማ

ሐዋሳ ያላችሁ የኦፕሬሽን ክፍል ነርሶች፣ የአንስቴዥያ ባለሙያዎችና የቀዶ ሕክምና ሬዚደንቶች፦ ለንቅለ ተከላ የሚወሰድ ጉበት እንዴት ታጥቦ እንደሚቀዘቅዝ በእጃችሁ መሞከር ከፈለጋችሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አቶቴ የሚያስተምሩትን ሲስተር እንጠቁማችሁ። ስማቸው እንዲነሳ አልፈለጉም። ሲስተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልን፤ እጅዎ ይባረክ!

ከሥጋ ቤት ትኩስ የበግ ጉበት ያመጣሉ። ፖርታል ቬን (ከአንጀት ደም ወደ ጉበት የሚያመጣው ትልቁ የደም ሥር) ውስጥ ቱቦ አስገብተው ያስሩና የቀዘቀዘ ሳላይን (የጨው ውሃ) 1 ሜትር ያህል ከፍ አድርገው ይሰቅላሉ። ፈሳሹ በራሱ ክብደት ይወርዳል እንጂ ከረጢቱ አይጨመቅም። ጥቁር ቀዩ ጉበት እየፈዘዘ ቡኒ ይሆናል። አንድ ጥግ ጠቁሮ ከቀረ ቱቦው ጠልቆ አንዱን ቅርንጫፍ አልፎታል ማለት ነው፤ ትንሽ ወደ ኋላ ሳብ ሲያደርጉት ያም ጥግ ይነጣል። ይህን በዓይን ያየ ሰው አይረሳውም።

በእውነተኛው ንቅለ ተከላ ጉበቱ የሚታጠብባቸውንና የሚቆይባቸውን ፈሳሾች ልዩነት ደግሞ እንዲህ ጥርት አድርጎ ያስረዳን የለም። ከዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የወጣው ዩ ደብሊው የሚባለው ፈሳሽ ስታርች ስላለበት ወፍራም ነው፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ፖታሲየሙ በሊትር 125 ሚሊሞል ገደማ ነው፤ የተቀባዩ ደም ወደ ጉበቱ ከመለቀቁ በፊት ጉበቱ በሌላ ፈሳሽ ካልታጠበ የተቀባዩ ልብ ሊቆም ይችላል። ጀርመናዊው ብሬትሽናይደር መጀመሪያ ለልብ ቀዶ ሕክምና ያዘጋጀው ሌላው ፈሳሽ፣ ኤች ቲ ኬ፣ ፖታሲየሙ 9 ገደማ ብቻ ነው። ቀጭን ስለሆነ ቶሎ ይዳረሳል፣ ግን ብዙ ሊትር ይፈጃል።

በሕይወት ካለ ለጋሽ ሲወሰድ ለጋሹና ተቀባዩ ጎን ለጎን ባሉ ክፍሎች ስለሚሆኑ የቅዝቃዜው ጊዜ አጭር ነው፤ የሁለቱም ፈሳሾች ውጤት ተቀራራቢ ይሆናል። ምርጫው የሚከብደው ከሞተ ለጋሽ የተወሰደ ጉበት ብዙ ሰዓት ሲቆይ ነው።

ሲስተር አጥብቀው የሚቆጣጠሩት ግን እጃችንን ነው። በረዶ ጉበቱን በቀጥታ አይነካም፤ የነካው ቦታ ይቃጠላል። የሐሞት ቱቦው በቀስታ ይታጠባል፤ ውስጡ የቀረ ሐሞት ግድግዳውን ይጎዳልና። ወደ ጉበት የምትገባው ቀጭኗ ደም ቅዳ (አርተሪ) ውስጥ ቱቦ አይገፋም፤ የውስጥ ሽፋኗ ከተላጠ ደም ይረጋባታል።

መማር የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልን፣ እናገናኛችኋለን። ጓንት ይዛችሁ ኑ፤ ጉበቱን እሳቸው ያመጣሉ።