ፍርዱ ሲሻር፦ በነጻ ማሰናበት ወይስ እንደገና ማየት?

አንድ ሰው በስርቆት ተፈረደበት እንበል። ዐቃቤ ሕግ ያስረዳው ሰውዬው ጠረጴዛ ላይ የነበረ ጥቁር ስልክ አንስቶ መሄዱን ብቻ ነው። የራሱም ስልክ ጥቁር ነው፤ ሽፋኑ እንኳ አንድ ዓይነት ነው። ስርቆት ግን የሌላ ሰው ንብረት መሆኑን እያወቁ መውሰድን ይጠይቃል። ይህ ካልተረጋገጠ፣ ምስክሮቹ ያሉት ሁሉ እውነት ቢሆን እንኳ ወንጀሉ አልተቋቋመም። ስለዚህ ይግባኝ ሰሚው ፍርዱን ይሽረዋል። ከዚያስ?

እንደገና ይታይ ማለት የሚያስኬደው ስህተቱ የሥነ ሥርዓት ሲሆን ነው፤ መቅረብ የሌለበት ማስረጃ ቀርቦ ከሆነ ወይም ተከሳሹ መስቀለኛ ጥያቄ እንዳይጠይቅ ተከልክሎ ከሆነ ማለቴ ነው። እዚያ ላይ ክርክሩ በአግባቡ አልተካሄደም፣ ስለዚህ በአግባቡ ይካሄድ።

የተረጋገጠው ነገር ራሱ ወንጀሉን ካላሟላ ግን በነጻ ማሰናበቱ ነው ትክክሉ። ዐቃቤ ሕግ ዕድሉን አግኝቶ ነበር፣ ያለውን ሁሉ አቅርቦም አልበቃውም፤ የጎደለውን እንዲሞላ ሌላ ዙር መስጠት ሰውየውን እስኪሸነፍ ድረስ ማመላለስ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1978 በርክስ በተባለው መዝገብ፣ ፍርድ በማስረጃ አለመብቃት ከተሻረ ተከሳሹን በዚያው ወንጀል ዳግም ለፍርድ ማቅረብ አይቻልም ብሏል። በእኔ እምነት ልክ ነው።

በጣም የሚያሳስበኝ ዳኞች ሲያመነቱ «ለማንኛውም ይመለስ» የሚሉት ነገር ነው። ያ «ለማንኛውም» ለሰውየው ተጨማሪ ወራት በእስር ሊሆን ይችላል።