«ቪላን አለው» ሲሏችሁ ስዊቹን ወዲያው እንዳትገዙ

ፔንሲዮን፣ ክሊኒክ ወይም ካፌ ያላችሁና ኔትወርክ ልታዘረጉ ያሰባችሁ ሰዎች፣ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ይህችን አንብቡልኝ።

እኔ ትንሽ ፔንሲዮን አለኝ። የፈለግኩት ነገር ቀላል ነበር። የእንግዶች ዋይፋይ ለብቻው፣ ካሜራዎቹ ከመቅጃቸው ጋር ለብቻቸው፣ የሪሴፕሽኑ ኮምፒውተርና ፕሪንተር ደግሞ ለብቻቸው እንዲሆኑ፣ አንዱ ቡድን የሌላውን እንዳያይ ብቻ ነው። ይህንኑ ለባለሱቁ አስረዳሁት። ባለ 8 ፖርት (የገመድ መሰኪያ) ስዊች፣ ማለትም የኔትወርክ ገመዶችን የሚያገናኝ ዕቃ፣ አወጣና ፊቱ ላይ ያለችውን ትንሽ ማብሪያ አሳየኝ። «ቪላን» (VLAN፣ አንድን ኔትወርክ ለተለያዩ ቡድኖች የመክፈያ ዘዴ) የሚል ተጽፎባታል። «ይኸው፣ ቪላን አለው» አለኝ። አመንኩት። እሱ የላከው ልጅም መጥቶ ገጠመና ለኮንፊገሬሽን (ስዊቹን ለማስተካከል) ብሎ ሌላ 9,000 ብር ተቀብሎኝ ሄደ።

ከሁለት ወር በኋላ ሙያው ኔትወርክ የሆነ አንድ እንግዳ ሪሴፕሽን መጥቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የእናንተ ፎልደር እኔ ክፍል ሆኜ ይከፈታል» አለኝ። ክው ነው ያልኩት። እዚያ ፎልደር ውስጥ ያለው የእንግዶቼ የመታወቂያና የፓስፖርት ኮፒ ነው። ሰው አምኖኝ የሰጠኝ ነገር!

እንግዳው ቁጭ ብሎ አስረዳኝ፣ እግዜር ይስጠው። ያቺ ማብሪያ ስትበራ ፖርቶቹ እርስ በርስ እንዳይገናኙ ትዘጋለች፤ እያንዳንዱ ፖርት የሚያገኘው ወደ ራውተሩ የሚሄደውን መስመር ብቻ ነው። ቡድን መሥራት ግን አትችልም። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ፕሪንተሩን ያጣዋል፣ ካሜራዎቹም መቅጃቸውን ያጣሉ። ልጁ ይህ ሲገጥመው ማብሪያዋን አጥፍቶ «አለቀ» ብሎኝ ሄዷል። ስትጠፋ ደግሞ ሁሉም ከሁሉም ጋር ይገናኛል። የከፈልኩበት ኮንፊገሬሽን ጭራሽ አልተሠራም፣ ስዊቹ እኮ ኮንፊገር የሚደረግበት ገጽ እንኳ የለውም።

እናንተ የምትፈልጉት ማኔጅድ ወይም ስማርት የሚባለውን ነው። ብሮውዘር ላይ የስዊቹን አይፒ አድራሻ (ኔትወርኩ ላይ የሚለይበትን ቁጥር) ጽፋችሁ፣ በፓስወርድ ገብታችሁ፣ ለእያንዳንዱ ቡድን ቁጥር ትሰጣላችሁ፤ ለምሳሌ 10 ለሪሴፕሽን፣ 20 ለካሜራ፣ 30 ለእንግዳ። ከዚያ የትኛው ፖርት የየትኛው ቡድን እንደሆነ ትመድባላችሁ። ካርቶኑ ላይ 802.1ኪው (802.1Q፣ የቪላን ቡድኖች የሚሠሩበት ስታንዳርድ) የሚል ፈልጉ፣ ግን እሱ ብቻውን አይበቃም፣ እዚያው ሱቅ ውስጥ ሰክተው ገጹን ከፍተው ያሳዩዋችሁ። እምቢ ካሉ ውጡ።

ሌላም አለ። በአንድ የዋይፋይ ዕቃ የሠራተኛና የእንግዳ ዋይፋይ የምትለቁ ከሆነ እሱም ቪላን ማወቅ አለበት። ራውተሩንም እንዳትረሱ። ብዙ ራውተር ቡድኖቹን በራሱ በኩል መልሶ ያገናኛቸዋል፣ በግልጽ ከልክል ካልተባለ በቀር። ስዊቹ በትክክል ተሠርቶ እንኳ እዚህ ጋ የሚበላሽ አለ።

ከመክፈላችሁ በፊት ራሳችሁ ሞክሩት። መጀመሪያ ከሪሴፕሽኑ ኮምፒውተር የፕሪንተሩን አይፒ አድራሻ ፒንግ አድርጉ (ፒንግ አንድ ዕቃ ይመልስ እንደሆነ የሚጠይቅ ትእዛዝ ነው)፣ መመለስ አለበት። ቀጥሎ ላፕቶፕ ይዛችሁ እንግዳ ዋይፋይ ላይ ግቡና ያንኑ አድራሻ ፒንግ አድርጉ። እዚህ ከመለሰ ሥራው አላለቀም። ኮምፒውተሩን ሳይሆን ፕሪንተሩን ያልኩት ዊንዶውስ በራሱ ፋየርዎል (የኮምፒውተሩ መከላከያ) ፒንግ ሊዘጋ ስለሚችል ነው፤ ተለያይቷል ብላችሁ ትሸወዳላችሁ።

ዕቃውን ልመልስ ብሄድ ባለሱቁ «ቪላን ያለው አልክ፣ ቪላን ያለው ሰጠሁህ» አለኝ። ደረሰኙ የሚለው «ስዊች ባለ 8 ፖርት» ብቻ ስለሆነ የምከራከርበት ወረቀት የለኝም። እናንተ ሞዴሉንና «ማኔጅድ» የሚለውን ቃል ደረሰኙ ላይ አስጽፉ፣ የስዊቹ ፓስወርድም እጃችሁ ሳይገባ የመጨረሻዋን ብር አትልቀቁ።