አንድ የፕሮፐርቲ ፓነል ለብዙ ኤዲተር፦ የትኛው መንገድ ይሻላችኋል?

ፕሮፐርቲ ፓነል የመረጣችሁትን ነገር መስኮች የሚያሳይና የምታስተካክሉበት ሳጥን ነው። ሦስት የሞዴል ኤዲተር (የአንድን ሥርዓት አካላት የሚገልጽ ዳታ ማስተካከያ) ያለው ቡድን እንውሰድ። አንዱ ዲያግራም ነው፣ አንዱ ሠንጠረዥ፣ ሦስተኛው የዛፍ ዝርዝር። ሦስቱም የሚነኩት ያንኑ ሞዴል ነው። ደንበኛው «የጸደቀበት ቀን የሚል መስክ ጨምሩልኝ» ሲል ግን ሥራው ሦስት ቦታ ይሠራል። ትንሽ ቆይቶ አንዱ ኤዲተር ቀኑን ግዴታ ያደርጋል፣ ሌላው በባዶው ያሳልፋል። በዚህ ነገር መከራዬን አይቻለሁ። ፓነሉ አንድ ቦታ ተሠርቶ ሁሉም ኤዲተር ሊጠቀምበት ይገባል።

ከታች ያሉት ሁሉም ያለ ክፍያ የሚገኙ ናቸው። የሚያስከፍሏችሁ ጊዜ ነው።

ኢክሊፕስ በተባለው የሶፍትዌር መሥሪያ መድረክ ላይ የቆየ የጃቫ ኮድ ካላችሁ፣ የመጀመሪያው አማራጭ የኢክሊፕስ የራሱ ባለታብ ፕሮፐርቲ ቪው (የኢክሊፕስ ፕሮፐርቲ ፓነል) ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ኤዲተር «ኮንትሪቢዩተር አይዲ» የሚባል መለያ ይመልሳል። ታቦቹ የሚመዘገቡት በዚህ መለያ ሥር ነው። ሁለት ኤዲተሮች አንድ መለያ ከመለሱ ያንኑ ታብ ያሳያሉ። አለቀ። ችግሩ የሚመጣው አንደኛው ኤዲተር የሌላ ሰው ሲሆንና መለያውን መቀየር ሳትችሉ ስትቀሩ ነው። ያኔ የጃቫ ክላሶቹን እንዳሉ ትጠቀማላችሁ፤ የታቦቹን ምዝገባ ግን በእያንዳንዱ መለያ ሥር ደግማችሁ መጻፍ አለባችሁ።

ሌላም ወጥመድ አለ። ዛፉ ላይ ስትጫኑ የሚመረጠው ራሱ የሞዴሉ ኤለመንት ነው። ዲያግራሙ ላይ ስትጫኑ ግን ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ኤለመንቱን የሚወክለው ሥዕል ነው። ከሥዕሉ ወደ ኤለመንቱ የሚያደርስ ትንሽ ኮድ ካልጻፋችሁ አንዱ ኤዲተር ላይ ፓነሉ ባዶ ይሆናል። ብዙ ሰው «ፓነሌ አልሠራም» የሚለው እዚህ ጋ ነው።

ሁለተኛው ሲሪየስ ነው፤ ኢክሊፕስ ላይ የሞዴል ኤዲተር መሥሪያ። ኦቤኦ እና ታሌስ የተባሉ ኩባንያዎች የጀመሩት ሥራ ነው፤ የሥርዓት ንድፍ መሣሪያው ካፔላም የተገነባው በእሱ ላይ ነው። ከ2016 ጀምሮ ፓነሉን እዚያው ዲያግራሙን በምትገልጹበት ፋይል ውስጥ መግለጽ ይቻላል። ገጽ፣ ግሩፕ፣ የጽሑፍ ሳጥን፣ ምርጫ፤ ሁሉም ያለ ጃቫ ኮድ። ያስተካከላችሁትን ወዲያው ታዩታላችሁ። የተገለጸው በኤለመንቱ ዓይነት ስለሆነ ዲያግራሙም፣ ሠንጠረዡም፣ ዛፉም ያንኑ ያሳያሉ። ኤዲተሮቻችሁ ሁሉም ሲሪየስ ከሆኑ ሌላ አትፈልጉ እላለሁ። ከሲሪየስ ውጭ የተሠራ ኤዲተር ካለበት ግን ያ ምቾት እዚያ በር ላይ ይቆማል።

ለእንደዚህ ዓይነቱ ድብልቅ እኔ የምመርጠው ኢኤምኤፍ ፎርምስን ነው፤ ኢኤምኤፍ ለተባለው የኢክሊፕስ የሞዴል ማዕቀፍ ፎርም መሥሪያ ነው። ፎርሙ ራሱን የቻለ ሞዴል ሆኖ ይቀመጣል። የትኛው ኤዲተር እንደሚከፍተው አያውቅም፣ ማወቅም አያስፈልገው። የፕሮፐርቲ ቪው ውስጥ፣ ዲያሎግ ውስጥ፣ ኤዲተሩ መሃል፤ የትም ታስቀምጡታላችሁ። የተመረጠውን ኤለመንት ተከታትሎ ለፎርሙ ማቀበል የእናንተ ሥራ ነው፤ ያንን አንዴ ጽፋችሁ ለሁሉም ትጠቀሙበታላችሁ። የዩኤምኤል (የሶፍትዌር ንድፍ መሳያ ቋንቋ) ኤዲተር የሆነው ፓፒረስም የራሱ የፓነል ማስተካከያ አለው። በዩኤምኤል ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ይበቃል፤ ለሌላ ኤዲተር ግን አልመርጠውም።

ኤዲተሮቻችሁ ብራውዘር ላይ ከሆኑስ? ጄሰን ፎርምስ የተባለውን የፎርም ላይብረሪ እዩ፤ ጄሰን ዳታን በጽሑፍ የማስቀመጫ ዘዴ ነው። አንድ ፋይል ዳታው ምን እንደሚመስል ይናገራል፣ ሌላው ፋይል ፎርሙ እንዴት እንደሚደረደር። ሪአክት፣ አንጉላር ወይም ቪው (Vue) የተባሉትን የድር ገጽ መሥሪያዎች ብትጠቀሙ ችግር የለም። ፈቃዱ ኤምአይቲ ስለሆነ ምርታችሁ ውስጥ ስታስገቡት አያስጨንቅም። አንድ ነገር ግን አስቀድማችሁ እወቁ፦ ተጠቃሚው ሲጽፍ ፎርሙ የሚሰጣችሁ የተቀየረውን ዳታ ነው። ያንን ወደ ኤዲተሩ ትእዛዝ የምትቀይሩት እናንተ ናችሁ። ካልቀየራችሁት ተጠቃሚው «መልስ» (Undo) ሲል ዲያግራሙ ይመለሳል፣ ፎርሙ ላይ የጻፈው ግን አይመለስም።

ሥራችሁ በቢፒኤምኤን (የሥራ ሂደት መሳያ መስፈርት) ሂደት መሳል ብቻ ከሆነ የካሙንዳ ኩባንያ ሰዎች የሠሩት የቢፒኤምኤን-ጄኤስ ፓነል በጣም ፈጣኑ ነው። መሠረቱ ለዲኤምኤን (የውሳኔ ደንቦች መግለጫ መስፈርት) ፓነልም ያው ስለሆነ መልኩ አይለያይም። የራሳችሁን ግሩፕ በትንሽ ኮድ ትጨምራላችሁ። ኮድ ካልፈለጋችሁ በጄሰን የሚጻፉ የኤለመንት ቴምፕሌቶች (ዝግጁ የመስክ ቅጾች) አሉ። እነዚህ ግን ቢፒኤምኤን ላይ ብቻ ናቸው፣ ወደ ዲኤምኤን አይሻገሩም። ደግሞ የዲያግራሙ ላይብረሪ ፈቃድ የቢፒኤምኤን-አይኦን (የላይብረሪው ፕሮጀክት) አርማ ከሥዕሉ ላይ እንዳታነሱ ያስገድዳል። በራሳችሁ ስም ለደንበኛ የምትሸጡ ከሆነ ይህን ዛሬውኑ ለአለቃችሁ ንገሩ።

የትኛውንም ብትመርጡ፣ ከመወሰናችሁ በፊት ግማሽ ቀን ስጡና ይህን ሞክሩ። ያንኑ ኤለመንት በሁለት ኤዲተር ክፈቱ። በአንዱ ፓነል ስሙን ቀይሩ። ሌላው ወዲያው አሳየ? አሁን በሁለተኛው ኤዲተር ሆናችሁ «መልስ» በሉ። ስሙ በሁለቱም ቦታ ከተመለሰ ኤዲተሮቹ አንድ የትእዛዝ ታሪክ ይጋራሉ ማለት ነው፤ ፓነሉን መጋራት ከዚህ በኋላ ቀላል ነው። በአንዱ ብቻ ከተመለሰ ወይም ጭራሽ ካልተመለሰ፣ ፓነሉን ትታችሁ መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ።