ጃምፕ ፎርስ፦ ሦስት ጀግና በአንድ ላይፍ

የጃፓን ማንጋ (የሥዕል ታሪክ) ጀግኖቹ ጎኩ፣ ሉፊና ናሩቶ በአንድ ወገን ተሰልፈው የሚደባደቡበት ጌም ለሚፈልግ፣ በተለይ ኢንተርኔት በሌለበት ወይም በሚቆራረጥበት ቤት ለሚጫወት ሰው፣ ጃምፕ ፎርስ አሁንም ጥሩ ነው። ሲዲውና ሁለት ጆይስቲክ ካሉ ሌላ ምንም አይጠይቅም። ከደብረ ማርቆስ እስከ ባሕር ዳር ያለ ጌም ቤት ከፊፋ ጎን አንድ የድብድብ ጌም ልጨምር ቢል የምንመክረው ይህንኑ ነው። ግን ሳያውቁት የሚገዙት ጌም አይደለም።

በየካቲት 2011 ዓ.ም. ለፒኤስ 4፣ ለኤክስቦክስ ዋንና ለኮምፒውተር የወጣ ነው። ሠሪው ስፓይክ ቹንሶፍት፣ አሳታሚው ባንዳይ ናምኮ። ጃምፕ የተባለው የጃፓን ሳምንታዊ የማንጋ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1968 የተጀመረ ሲሆን፣ ጌሙ በዚያ መጽሔት ከታተሙ ታሪኮች 40 ተዋጊዎችን ይዞ ተነሣ። ከድራጎን ቦል፣ ከዋን ፒስና ከናሩቶ ብዙ ተወስዷል፤ ከብሊችና ከሀንተር ኤክስ ሀንተር ደግሞ አራት አራት። ኬንሺሮ፣ ዩጊ፣ አስታና ዴኩ ግን ከየታሪካቸው ብቻቸውን ነው የመጡት። ከ40ዎቹ ውስጥ ሴቶቹ ሦስት ብቻ መሆናቸው ያሳዝናል፤ ሩኪያ፣ ሃንኮክና ካጉያ።

እያንዳንዱ ተጫዋች ሦስት ተዋጊ ይዞ ይገባል። አዲስ ተጫዋች የሚሸነፈው "ሦስት ሰው አለኝ" ብሎ ሲያስብ ነው። ሦስቱም የሚጠጡት ከአንድ እንስራ ነው። ጎኩ ላይ ምት ሲያርፍ የሚቀንሰው የሉፊም ላይፍ (የቀረው ዕድሜ) ነው። ድራጎን ቦል ፋይተርዝ በተባለው ሌላ የድብድብ ጌም እያንዳንዱ የየራሱ ላይፍ ስላለው የቆሰለውን ወደ ኋላ አስቀምጦ ማሳረፍ ይቻላል። እዚህ ግን ማንን አስወጥታችሁ ማንን ብታስገቡ የቀነሰው አይመለስም። ስለዚህ መቀያየር መሸሸጊያ አይሆንም፣ የማጥቂያ መሣሪያ ነው። ዱላ ቅብብልን አስቡት፤ ዱላው የሚተላለፈው ሁለቱም እየሮጡ ነው እንጂ አንዱ ደክሞት ሲቆም አይደለም። አንዱ እየመታ ሳለ፣ ምቱ ሳይቋረጥ ሌላው ሲገባበት ነው ተቃዋሚው መተንፈሻ የሚያጣው።

ቡድን ስትመርጡም ይኸው ነገር ይወስናል። ጠንካራውን ለመጨረሻ ማቆየት ትርጉም የለውም፤ መጨረሻ የሚባል ተራ የለም። ይልቅ በርቀት ለይታችሁ ምረጡ። ኬንሺሮን የመሰለ ቅርብ ተዋጊ፣ ፍሪዛን የመሰለ ከሩቅ የሚተኩስ፣ ሦስተኛው ደግሞ ለድጋፍ የሚጠራ። ሦስቱንም ቅርብ ተዋጊ ያደረገ ሰው፣ እየሸሸ የሚተኩስ ተቃዋሚ ሲገጥመው በኤል 1 አዝራር ሲያባርር ስክሪኑ ላይ የሚታየውን የመንቀሳቀሻ መስመር ይጨርሳል። ከምት ማምለጥም የሚከፈለው ከዚያው መስመር ነው። ባዶ ሆኖ ከተያዘ ዝም ብሎ መመታት ነው።

አዝራሮቹ ለመልመድ አይከብዱም። ካሬ ፈጣን ምት፣ ሦስት ማዕዘን ከባድ ምት፣ ክብ መያዝ፣ ኤክስ ዝላይ፣ አር 1 መከላከያ ነው። አር 1 ላይ ተኝቶ የሚጠብቅ ተቃዋሚ ከገጠማችሁ በካሬ አትድከሙ፤ ቀርባችሁ በክብ ያዙት፣ መከላከያው አያስጥለውም። አር 2 ተይዞ ሲቆይ የኃይል መስመሩን ይሞላል፤ ከሌሎቹ አዝራሮች ጋር ሲጫን ደግሞ የተዋጊውን ልዩ ምቶች ያወጣል። እየሞላችሁ ሳለ ቆማችኋል፣ ማንም ይመታችኋል። የመሙያው ሰዓት ተቃዋሚውን ከመታችሁና ርቆ ከወደቀ በኋላ ነው። ድጋፍ መጥራትና ተዋጊ መቀየር ሁለቱም በኤል 2 ነው፤ የሚለየው አንዱ በአጭር መንካት ሌላው ይዞ በመቆየት መሆኑ ነው። ተዋጊውን ለጊዜው የሚያጠነክረው የመነቃቂያ መስመር በተለይ ምት ሲያርፍባችሁ ይሞላል፤ ግማሽ ሲደርስ አር 3ን ተጫኑ። እየተሸነፈ ያለ ሰው ድንገት የሚገለብጠው በዚህ ነው። እየመራችሁ ከሆነ የተቃዋሚውን ያንን መስመር ሳታዩ አትግቡ።

ይህ የአዝራር አደላደል ለጌም ቤት አንድ ጣጣ አለው። ፊፋ የጎዳው ጆይስቲክ እዚህ አያገለግልም። የአር 2 ስፕሪንግ የላላ ወይም ከሥሩ ያለው ጎማ የቆሸሸ ከሆነ ኃይሉ እየተቆራረጠ ይሞላል። ኤል 2 እንዲሁ ከሆነ ይዛችሁ የቆያችሁትን እንደ አጭር ንክኪ ይቆጥረዋል፤ ተዋጊ ልትቀይሩ ስትሉ ሌላ ነገር ይመጣል። ለመጫወት ከመክፈላችሁ በፊት አር 2ን ይዛችሁ መስመሩ ሳይቆራረጥ እስኪሞላ እዩ፣ ከዚያ አር 3ን ተጫኑና ጠቅ ማለቱን ስሙ። ባለቤት ከሆናችሁ የፒኤስ 4 ጆይስቲክ ከኋላ በአራት ብሎን ብቻ ነው የተዘጋው። ጎማውን በአልኮል ጥረጉት፣ ስፕሪንጉን ለውጡት። ጆይስቲክ ከመጣል ይሻላል።

ትልቁ ጉድለት ሎዲንጉ ነው። ተዋጊ ከመረጡ በኋላ ያለው ጥበቃ በፒኤስ 4 የቀድሞ ሃርድ ዲስክ ላይ ያሰለቻል። በዚህ ምክንያት ተጫዋች በሰዓት ሳይሆን በጌም ቢከፍል ይሻለዋል፤ በሰዓት ከሆነ ከገንዘቡ ጥሩ ድርሻ የሚሄደው ስክሪን ለማየት ነው። ስትደጋግሙም ወደ መምረጫው ከመመለስ ያንኑ ቡድን ይዛችሁ ድጋሚ ግጥሚያ ምረጡ።

ባለቤት ግን መፍትሔ አለው፤ ሃርድ ዲስኩን ኤስኤስዲ በሚባለው ፈጣን ዲስክ መቀየር። የሚያስፈልገው 2.5 ኢንች የሳታ ኤስኤስዲ ነው፤ ውፍረቱ ከ9.5 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ። መጀመሪያ የጌሞቹን ሴቭ ወደ ፍላሽ ገልብጡ። ኮንሶሉን ሙሉ በሙሉ አጥፍታችሁ ገመዱን ንቀሉ፣ የዲስኩን ክዳን አንሸራትቱ፣ መያዣውን ያሠረውን ብሎን ፍቱ፣ ከመያዣው ጎን ያሉትን አራት ብሎኖች ፈትታችሁ አዲሱን በቦታው አስገቡ። ፎርማቱ ፋት 32 በሆነ ፍላሽ ላይ በእንግሊዝኛ ትልልቅ ፊደላት "PS4" የሚል ፎልደር፣ በውስጡም "UPDATE" የሚል ሌላ ፎልደር ፍጠሩና የሶፍትዌሩን ፋይል እዚያ አድርጉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ትንሹን የማሻሻያ ፋይል አውርዶ አዲሱ ዲስክ አልቀበል ሲለው ዲስኩ ተበላሽቷል ይላል። የሚፈለገው ትልቁ፣ ሙሉ መጫኛው ፋይል ነው። ከዚያ የማብሪያውን ቁልፍ ሁለተኛው ድምፅ እስኪሰማ ሰባት ሰከንድ ያህል ይዛችሁ ቆዩ፣ ጆይስቲኩን በገመድ አገናኙ፣ ሶፍትዌሩን እንደ አዲስ የሚጭነውን 7ኛውን ምርጫ ተጫኑ።

ይህን ከማድረጋችሁ በፊት ግን ኮንሶሉ ላይ ተጨማሪ ተዋጊዎች ካሉ የተገዙበትን አካውንት ኢሜይልና የይለፍ ቃል መያዛችሁን አረጋግጡ። ማዳራ፣ ባኩጎ፣ ሂትሱጋያ፣ ቶዶሮኪና የመሳሰሉት በኋላ ለብቻቸው የተሸጡ ናቸው። ጌሙም ተጨማሪዎቹም ጥር 30 ቀን 2014 ዓ.ም. ከኢንተርኔት ሽያጭ ወርደዋል። አካውንቱ ከጠፋ ዛሬ በገንዘብም አይመለሱም። ነሐሴ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ ሰርቨሩ ተዘግቶ በኢንተርኔት የነበሩት የጋራ አዳራሹና የደረጃ ግጥሚያው ቀርተዋል። ጎን ለጎን ተቀምጦ መጫወትና የታሪኩ ክፍል ግን እንደነበሩ ናቸው።

የታሪኩን ክፍል ለጌም ቤት አንመክርም። አዳዲሶቹን ገጸ ባሕርያት የነደፋቸው አኪራ ቶሪያማ ቢሆንም የፊታቸው እንቅስቃሴ ደረቅ ነው፤ ድምፁ ጃፓንኛ ብቻ፣ ንባቡም ረጅም ነው። ባለቤቱ መግቢያውንና የራስን ተዋጊ መፍጠሩን ደንበኛ ሳይመጣ ይጨርሰው።

የመብራት ጣጣም አለ። ጌሙ ሴቭ ሲያደርግ መብራት ከጠፋ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል፤ ስለዚህ ሴቩን በየሳምንቱ ወደ ፍላሽ ገልብጡ። መብራት ሲጠፋ ሶኬቱን ንቀሉ፣ ሲመለስም ወዲያው አትሰኩ፤ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፣ መጀመሪያ የሚመጣው ኃይል ያልተረጋጋ ነው። በክረምት ነጎድጓድ ሲጀምር ደግሞ የኤችዲኤምአይ ገመዱንም ከቴሌቪዥኑ አውጡ። የኃይል ግፊት በእሱ በኩል ገብቶ የኮንሶሉን መሰኪያ ያቃጥላል፤ ጥገናው ደግሞ ከሲዲው ዋጋ በላይ ይሄዳል።

ስትገዙ ሲዲ ብቻ ግዙ። ሲዲ ማስገቢያ የሌለው ፒኤስ 5 ይህን ሲዲ ማጫወት አይችልም፤ ማስገቢያ ያለው ግን ያጫውታል፣ ሎዲንጉም ያጥራል። ያገለገለ ሲዲ ከሆነ ከኋላ በኩል በብርሃን እዩት። ከመሐል ወደ ዳር የሄደ ቀጭን ጭረት ብዙ ጊዜ አያስቸግርም፤ ክቡን ተከትሎ የዞረ ጭረት ግን መረጃውን ተከታትሎ ስለሚቆርጥ ጭነቱ መሐል ላይ ይቆማል። ሻጩ ፊት አስገብታችሁ ጭነቱ እስኪያልቅ ጠብቁ፣ አንድ ግጥሚያ ከፍታችሁ ሦስቱም ተዋጊዎች ሲገቡ ካያችሁ በኋላ ክፈሉ።