ቅዳሜ ማታ ጣና ዳር የሚያጫውቱን የዳይስ ጨዋታ፣ 150 ብሩ ያዋጣል ወይ?

እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ዳማና ካርታ ነው፣ ዳይስ ነክቼ አላውቅም፣ ጓደኛዬ ናት ጎትታ የወሰደችኝ። ሐይቁ ዳር ካሉት ካፌዎች ያንዱ ጓሮ ውስጥ ቅዳሜ ከ11 ሰዓት ጀምሮ አንድ ልጅ ዲኤንዲ ያጫውታል። ለማታውቁት፣ ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣ የአሜሪካኖች ጨዋታ ነው፣ አንዱ ታሪኩን ይመራል፣ ሌሎቻችን ካራክተር ይዘን "እንዲህ አደርጋለሁ" እንላለን፣ ይሳካ አይሳካ የሚያጠራጥር ሲሆን ባለ 20 ጎን ዳይስ ይጣላል። ለሰው 150 ብር፣ ሻይ አለው። አራት ቅዳሜ ሄጃለሁ።

የመጀመሪያው ቀን አልዋሽም ደበረኝ። ስድስት ሽፍታ መንገድ ላይ ጠበቁን፣ መታናቸው፣ መቱን፣ ደመርን፣ ቀነስን፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ በቃ ይሄው ነው። ሽፍቶቹ ለምን እንደመጡ አይታወቅ፣ ብንሸነፍ ምን እንደምናጣ አይታወቅ። ስንወጣ "ወንድሜ ይሄ እኮ የሒሳብ የቤት ሥራ ነው" አልኩት። አልተቀየመም፣ እሱ ነው የገረመኝ።

ሁለተኛው ቅዳሜ ጠብ የሚባል ነገር አልነበረም። ዘጌ ላይ አንድ ሽማግሌ ታንኳ ቀዛፊ አገኘን፣ ስም እንኳ አልሰጣቸውም፣ "አያ" ብቻ ነው የምንላቸው። ቡና አጠጡን፣ ስለ ጉማሬ ሲያወሩ ቀኝ ክንዳቸውን ሰብሯቸው ከዛ ወዲህ መዋኘት እንዳቃታቸው በጨዋታ መሃል ጣል አደረጓት፣ እኛም ስቀን አለፍን። ይቺን ያዙልኝ።

ሦስተኛው ቅዳሜ ግን ሌላ ነው። ሦስት ጥቅል ብራና በአያ ታንኳ ከዘጌ ወደ ክብራን ገብርኤል፣ ደሴቱ ላይ ወዳለው ገዳም፣ ሳይነጋ ማድረስ አለብን፣ ከኋላ ሁለት ታንኳ ችቦ ይዞ ይከተለናል። ማንንም ግደሉ አልተባልንም፣ ድረሱ ብቻ። ልጁ አንድ የሻይ ማስቀመጫ ሳህን መሃል ላይ አደረገና በየዙሩ አንድ ፍሬ ሽምብራ ቆሎ ይጥልበት ጀመር። ታንኳ እኮ ከደንገል ነው የሚሰራው፣ ደንገል ደግሞ ውሃ ይጠጣል፣ እዚህ ያደገ ሰው ታንኳ ውሎ ሲገባ ለምን ዳር ወጥቶ ፀሐይ እንደሚሰጣ ያውቃል። ሽምብራው 12 ከሞላ ሰመጥን፣ አንድ ዕቃ ከጣልን ሁለት ፍሬ ይነሳልናል። ግልጹን ውሃ ከያዝን እንፈጥናለን ግን ቀስት አለ፣ ሳሩ ውስጥ ከገባን አያዩንም ግን ግማሽ ፍጥነት ነው፣ ሽምብራው ደግሞ አይጠብቅም። (ሳሩን መጀመሪያ እምቦጭ ነበር ያለው፣ አንዱ "እምቦጭ ጣና ላይ የታየው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፣ አንተ የምትለው ዘመን ጠመንጃ እንኳ የለም" ብሎ ያዘው፣ ሳቅ በሳቅ ሆንን፣ ወዲያው ደንገል ብሎ አስተካከለ።)

ጓደኛዬ የያዘችው ካራክተር ሴት ናት፣ ክብራን ደግሞ ሴት አይገባም፣ "አንቺ ከአያ ጋር ታንኳው ላይ ትቀሪያለሽ" ሲላት ተናዳ ነበር። ግን በዛው ሰበብ ከአያ ጋር ብዙ ያወራችው እሷ ሆነች።

ሽምብራው 10 ደረሰ። የመቅዘፉ ተራ የኔ ነው፣ 15 ማምጣት አለብኝ፣ ዳይሱ ላይ የሚደመርልኝ 4 አለኝ፣ ማለትም ዳይሱ 11 እና ከዛ በላይ ከሆነ ያልፋል፣ ግማሽ በግማሽ። አያ ስለሚያግዙኝ ደግሞ ሁለት ዳይስ ጥዬ የተሻለውን እወስዳለሁ፣ እድሌ 75 ፐርሰንት ሆነ ማለት ነው። 3 እና 6 ወጣ። በሉ እንግዲህ።

አስራ አንደኛዋ ፍሬ ስትወድቅ ልጁ በአያ ድምፅ "ልጆቼ እኔ ልውረድ፣ ዋኝቼ እደርሳለሁ" አለ። ጓደኛዬ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። "አያ፣ ክንድዎስ?" አለች።

ማንም አልተነፈሰም። የጨነቀን ጠላት ስለበዛ አይደለም፣ ሽማግሌው እንደዋሹን ስለገባን ነው። ሁለት ጥቅል ብራና ለመያዝ ተስማማንና አንዱን ውሃ ውስጥ ጣልነው፣ የጣልኩት እኔ ነኝ። አራተኛው ቅዳሜ ያለቀው የክብራን አባት "ስንት ነበር የተሰጣችሁ?" ብለው ሲጠይቁን ነው፣ ምን ብለን እንደምንመልስ እስካሁን ግሩፓችን ላይ እንጨቃጨቃለን።

የሚያናድደውን ደግሞ ልንገራችሁ። ለአምስት ሰው አንድ ስብስብ ዳይስ ብቻ ነው ያለው፣ ኳስ ካለ የካፌው ቲቪ ልጁን ያስጮኸዋል፣ ቢንቢውስ አይወራ። የካራክተር ወረቀቱ ሙሉ በሙሉ እንግሊዝኛ ነው፣ የጨዋታው መሠረታዊ ሕግ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ በነፃ ፈቃድ ተለቋል፣ ሁለት ገጹን እንኳ ወደ አማርኛ ቢመልሰው ምን ነበረበት፣ አዲስ የመጣ ሰው መጀመሪያው ላይ ግራ ይጋባል።

ያም ሆኖ ለ150 ብር እመለሳለሁ። አምስት ሰው ከሞላ አይጨምርም፣ ስለዚህ አርብ ቀድማችሁ ቦታ ያዙ፣ ሹራብም ያዙ፣ ማታ ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ቀላል አይደለም።