የፋብሪካ የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ጥቅል፦ ሚዛን ቤት ካልደረሰ አይገዛ

በደብረ ብርሃንና በዙሪያዋ ላሉ ትልልቅ ፋብሪካዎች አማካሪዎች ይዘውት የሚመጡት የሥነ ምግባር ጥቅል ብዙውን ጊዜ አምስት ነገር ይይዛል፦ የሥነ ምግባር ደንብ፣ የአንድ ቀን ሥልጠና፣ የጥቆማ ሳጥንና ስልክ፣ የስጦታና የጥቅም ግጭት መዝገብ፣ አቅራቢዎች የሚፈርሙት ቃል ኪዳን። እዚህ የምንመዝነው አንድን አማካሪ ሳይሆን ጥቅሉን ነው። ፍርዳችንን ከፊት እናስቀምጥ፦ የጥቆማው መስመር በደንብ ከተሠራ ሌላውን ሁሉ ይበልጣል፤ ሥልጠናው አሁን ባለው መልኩ ዋጋውን አያወጣም፤ ትልቁ ጉድለት ደግሞ ጥቅሉ ቢሮና አዳራሽ ውስጥ ቀርቶ ሚዛን ቤት፣ መጋዘንና ግዢ ክፍል አለመውረዱ ነው።

ከጥቆማው እንጀምር። የተመሰከረላቸው የማጭበርበር መርማሪዎች ማኅበር በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዓለም አቀፍ ሪፖርት ከተደረሰባቸው ማጭበርበሮች 43 በመቶው የታወቁት በጥቆማ ነው። የውስጥ ኦዲት ድርሻ 14 በመቶ ነበር። ከጠቋሚዎቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የዚያው ድርጅት ሠራተኞች ናቸው። እንግዲህ ይህ መስመር ከተበላሸ የቀረው ጥቅል ዓይኑ የጠፋ ነው ማለት ይቻላል።

ሳጥኑ የሚሰቀልበትን ቦታ እዩ። ዋናው በር ላይ ጥበቃው ፊት ወይም የሰው ኃይል ቢሮ ደጃፍ ላይ፣ ካሜራ በሚያየው ግድግዳ ከተሰቀለ ወረቀት የሚያስገባ ሰው አይገኝም። ትክክለኛው ቦታ ሁሉም ሰው ሌላ ጉዳይ ኖሮት የሚያልፍበት ነው፤ ልብስ መቀየሪያው ወይም የሠራተኞች ክበብ መግቢያ። ደጅ ከሆነ ደግሞ በደብረ ብርሃን ክረምት ወረቀቱ በሳምንት ውስጥ ይበሰብሳል፤ ክዳን ያለውና ቀዳዳው ወደ ታች ያዘነበለ ይሁን። ቁልፉ ሁለት፣ ቁልፍ ያዡም ሁለት፦ አንዱ ከውስጥ ኦዲት፣ አንዱ ከሠራተኛ ማኅበሩ። በሳምንት በታወቀ ቀን ይከፈታል፤ የወጣው ወረቀት ብዛት በቃለ ጉባኤ ይፈረማል፤ ባዶ ከሆነም ባዶ ተብሎ ይጻፋል። ዋናው ወረቀት ከሁለቱ እጅ አይውጣ። ፍሬ ነገሩ በኮምፒውተር ተጽፎ ነው ለመርማሪ የሚተላለፈው፤ አለቃ የሠራተኞቹን የእጅ ጽሕፈት ያውቃልና።

በጥቅሉ ውስጥ ካየናቸው ነገሮች ሁሉ በዋጋ ትንሹ፣ በጥቅም ግን ትልቁ ጉርድ ያለው ቅጽ ነው። ቅጹ ላይ የታተመው ተራ ቁጥር ጉርዱ ላይም አለ፤ ጠቋሚው ጉርዱን ቀዶ ኪሱ ያስገባል። ከሳምንት በኋላ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ «ቁጥር 014፦ የመኪናው ሰሌዳና ቀኑ ይጨመር» ተብሎ ይለጠፋል። ሰውየው ስሙን ሳይናገር ይመልሳል፣ ጉዳዩም አይሞትም። ስም የሌላቸው ጥቆማዎች ብዙ ጊዜ ተጥለው የሚቀሩት ሐሰት ስለሆኑ ሳይሆን ጠያቂ ወደ ጠቋሚው የሚመለስበት መንገድ ስለሌለ ነው።

የጥቆማውን ስልክ አገልግሎት ከመግዛታችሁ በፊት በተለያየ ሰዓት ሦስት ጊዜ ደውሉ፤ አንዱ ጥሪ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ይሁን። በሦስት ፈረቃ የሚሠራ ፋብሪካ በቀን ብቻ የሚነሳ ስልክ አይበቃውም፤ ለሌሊቱ ቢያንስ ድምፅ የሚቀዳ ይኑር። ጥሪው በፋብሪካው የውስጥ ማዞሪያ የሚያልፍ ከሆነ የደዋዩ የቢሮ ቁጥር ይታያልና ከውጭ የሚነሳ መስመር ጠይቁ። የሚያነሳው ሰው አማርኛም ኦሮምኛም ይናገር። የአውሮፓ ኅብረት በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጣው የጠቋሚዎች ጥበቃ መመሪያ ጥቆማው መድረሱን በ7 ቀን ውስጥ ማሳወቅን፣ ስለተወሰደው እርምጃ ደግሞ በ3 ወር ውስጥ መልስ መስጠትን ያዛል። እኛ አገር አስገዳጅ ባይሆንም በውሉ ላይ የሚጻፍ ጥሩ የጊዜ ገደብ ነው።

በቀል ላይ ግን ጥቅሉ ደካማ ነው። «ጠቋሚ አይጎዳም» የሚል አንድ መስመር አለ፣ ከዚያ ዝም። የጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 በከባድ ወንጀሎች ላይ ያተኮረ ስለሆነ የመጋዘን ሠራተኛው ስለ ጎደለ ጆንያ የሚሰጠውን ጥቆማ ይሸፍናል ብሎ መተማመን አይቻልም። በቀልን የሚከለክለው ድንጋጌ ፋብሪካው ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋር በሚፈርመው የኅብረት ስምምነት ውስጥ ይግባ። በቀሉ ብዙውን ጊዜ ስንብት ተብሎ አይመጣም፤ የሌሊት ፈረቃ መደራረብ፣ ውል አለማደስ፣ ወደ ከባድ ሥራ ማዛወር ሆኖ ነው የሚመጣው። መፍትሔው ጥቆማ በተነሳበት ክፍል ለ6 ወር የሚደረግን ማንኛውንም ዝውውርና ስንብት ኦዲት አስቀድሞ እንዲያየው ማድረግ ነው። እንዲህ ሲሆን ክፍሉ በሙሉ ይጠበቃል፤ ጠቋሚው ማን እንደሆነ ማንም ማወቅ አያስፈልገውም።

አሁን ወደ ሚዛን ቤት። ጥሬ ዕቃ በመኪና የሚቀበል ፋብሪካ ሁለት ጊዜ ይመዝናል፤ መኪናውን ከነጭነቱ፣ ከዚያ ባዶውን። ማጭበርበሩ የሚገባው በሁለቱ መካከል ነው። ረዳቱ ከነጭነቱ ሲመዘን ጋቢና ውስጥ ይቀመጣል፣ ባዶው ሲመዘን ይወርዳል፤ ውኃ የሞላ በርሜል ገብቶ ሳይታይ ይደፋል፤ በባዶው ምዘና አንድ ጎማ ከመድረኩ ጠርዝ ውጭ ይቆማል። በአንድ መኪና 60 ኪሎ ብቻ ቢሰረቅ፣ በቀን 10 መኪና ከገባ 6 ኩንታል ነው፤ በ26 የሥራ ቀን 156 ኩንታል። መዛኙ፣ ሾፌሩና አቅራቢው የሚከፋፈሉት ይህን ነው። ሻይ ቡና ተብሎ በመቶ ብር ይጀምራል፣ ውሎ አድሮ በኩንታል ይሰላል።

ማከሚያው ርካሽ ነው። የሚዛኑ ቲኬት ተከታታይ ቁጥር ኖሮት ይታተም፣ በእጅ አይጻፍ። በሁለቱም ምዘና ሾፌሩም ረዳቱም ይውረዱ። ከ20 መኪና አንዱ በዕጣ ወጥቶ ሌላ ሰው ባለበት እንደገና ይመዘን። ሚዛኑ ክብደታቸው በታወቀ የብረት መመዘኛዎች በአራቱም ማዕዘንና በመካከሉ ይፈተሽ፤ መካከሉ ትክክል ሆኖ ማዕዘኑ የሚያጎድል ሚዛን አለ። መዛኞች በየጊዜው ይቀያየሩ፣ ግን የቅያሬው ቀን አስቀድሞ አይነገር። ከእነዚህ አንዱን እንኳ ያልያዘ ጥቅል ለፋብሪካ አልተዘጋጀም።

የግዢው ክፍል ላይ ጥቅሉ «ሦስት ፕሮፎርማ ይሰብሰብ» ብሎ ያልፋል። ሦስቱንም አንድ ገዢ በእጁ ዞሮ ካመጣቸው ሦስት ዋጋ ሳይሆን የአንድ ሰው ሦስት ወረቀት ነው። ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ እዩ፦ አንድ ዓይነት የፊደል ስሕተት፣ አንድ ስልክ ቁጥር፣ የተጻፉበት አንድ ቀን፣ አሸናፊውን በጥቂት ብር ብቻ የሚበልጡ ሁለት ዋጋዎች። ከሦስቱ አንዱን ኦዲት ራሱ ይጋብዝ፤ ፖስታው ታሽጎ ይምጣና በሦስት ሰው ፊት ይከፈት፤ የንግድ ፈቃዱ በንግድ ሚኒስቴሩ የኢንተርኔት አገልግሎት ይረጋገጥ። በወር መጨረሻ ደግሞ ከግዢ ጣሪያው (ያለ ተጨማሪ ፈቃድ መግዛት ከሚቻልበት ከፍተኛ መጠን) ትንሽ ዝቅ ብለው ለአንድ አቅራቢ የተከፈሉ ደረሰኞች ይደመሩ፤ የተከፋፈለ ግዢ የሚታየው እዚያ ነው።

የስጦታው መዝገብ የውጭ አገር ደንብ እንደሆነ ያስታውቃል፤ በዶላር ጣሪያ አስቀምጦ ስለ ሆቴል ግብዣ ያትታል። እዚህ የሚመጣው ግን ለፋሲካ ዋዜማ ከአቅራቢ እስከ ሠራተኛው ቤት ድረስ የተነዳ የመንዝ በግ ነው፣ ለልጅ ሠርግ የተሰጠ መዋጮ ነው። በጉን መመለስ ነውር ከሆነ በማግስቱ ይመዝገብ፤ ለሠራተኞች ክበብ ገቢ ይሁንና ለአቅራቢው የተቀባይ ደረሰኝ በስሙ ይላክለት። ደረሰኝ የደረሰው አቅራቢ በቀጣዩ ዓመት በግ አይነዳም። የጥቅም ግጭት ቅጹም ሚስት፣ ባልና ልጅ ብቻ ይጠይቃል። አበልጅ፣ የጽዋ ማኅበርተኛ፣ አማች የሚሉ መጠይቆች ይጨመሩ። ጨረታ በእነዚህም በኩል ሊጠመዘዝ ይችላልና።

ሥልጠናው 200 ሰው አዳራሽ ሰብስቦ «ሙስና ምንድን ነው» ብሎ ይጀምራል፣ «ሲሾም ያልበላ…»ን ጠቅሶ ምሳ ይበላል። ምን እንደሆነማ ሁሉም ያውቀዋል። መዛኞችን ለብቻ፣ ዕቃ ግምጃ ቤቶችን ለብቻ፣ ገዢዎችን ለብቻ፣ ከ12 እስከ 15 ሰው እየሆኑ፣ በአንድ ሰዓት፣ ስም የተሸፈነበት እውነተኛ ቲኬትና ፕሮፎርማ ጠረጴዛ ላይ አድርጎ ስሕተቱን ማስፈለግ ይሻላል። ቃል ኪዳኑ ላይ ብዙ አንልም፤ ፋብሪካው የአቅራቢዎቹን የሒሳብ መዝገብ የማየት መብት ካልተጻፈበት ፊርማ ብቻ ነው።

ለቦርድ አባላት አንድ ማሳሰቢያ፦ የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 የመንግሥት መሥሪያ ቤትን ብቻ የሚመለከት የሚመስላቸው አሉ። አዋጁ ከሕዝብ ወይም ከአባላት የተሰበሰበ ገንዘብ የሚያስተዳድሩ የግል ዘርፍ ድርጅቶችንም ይጨምራል፤ አክሲዮን ሸጦ የተቋቋመ ፋብሪካ ይህን የሕግ ክፍሉን ያስመርምር።

መግዛት ካለባችሁ አማካሪው ዋጋውን ለየክፍሉ ነጥሎ ያቅርብ። የጥቆማውን መስመርና የሚዛን ቤቱን ቁጥጥር ግዙ፤ መዝገቡን ራሳችሁ አስተካክላችሁ ጻፉ፤ የአዳራሹን ሥልጠና ተዉት። ክፍያው ደግሞ በሁለት ይከፈል፤ ሁለተኛው ግማሽ ከ6 ወር በኋላ፣ የሳጥኑ ቃለ ጉባኤዎችና በዕጣ እንደገና የተመዘኑት መኪናዎች ቲኬት ለኦዲት ኮሚቴው ሲቀርቡ።