ማስገባት አንድ ደቂቃ፣ ማውጣት 11 ቀን፦ ሁለት ወር የተጫወትኩበት የኦንላይን ካዚኖ

ሰላም ናችሁ፣ እኔ ኮምቦልቻ ባጃጅ ነው የምሰራው፣ ተራ ላይ አብረውኝ የሚቆሙት ልጆች "ያ ስትጫወትበት የነበረው ሳይት እንዴት ነው፣ ይከፍላል ወይስ ይክዳል" እያሉ በየቀኑ ስለሚጠይቁኝ አንዴ ልጻፈውና ሁሉም ያንብበው ብዬ ነው። የሳይቱን ስም አልጠራም፣ ስሙን የሰማ ሁሉ "እስቲ ልየው" ብሎ ስለሚገባ። መልሱ ባጭሩ ይከፍላል ነው፣ እኔም አውጥቻለሁ፣ ግን እንዴት አድርጎ እንደሚከፍል ሳታውቁ አንድ ብር እንዳታስገቡ። ሐራም ነው የምትሉኝ አላችሁ፣ ልክ ናችሁ፣ እሱን እኔም አላጣሁትም፣ አሁን የማወራው ስለ አሰራሩ ነው።

ጥሩ ጎኑን ልናገር መጀመሪያ። አፑ ቀላል ነው፣ ስልኬ አሮጌ ነው ሜሞሪውም ሞልቷል ግን ሳይንቀራፈፍ ይከፍተዋል፣ ለመመዝገብ ስልክ ቁጥርና ፓስወርድ ብቻ ነው የሚጠይቀው፣ በ5 ብርም መጫወት ይቻላል። አማርኛም አለው። ግን ልብ በሉልኝ፣ አማርኛው "አስገባ" "ተጫወት" "ቦነስህን ውሰድ" የሚሉት ላይ ነው ያለው፣ ደንቡን ስትከፍቱት ከላይ እስከ ታች እንግሊዝኛ ነው።

ብር ማስገባት በጣም ፈጣን ነው። ዲፖዚት ስትሉ የቴሌብር ቁጥር ያመጣላችኋል፣ የድርጅት ቁጥር አይደለም የግለሰብ ነው፣ እዛ ላይ ትልኩና የግብይት ቁጥሩን ኮፒ አድርጋችሁ ትለጥፋላችሁ፣ ደቂቃ ሳይሞላ ባላንሳችሁ ላይ ይገባል። በነጋታው ስታስገቡ ቁጥሩም ስሙም ሌላ ነው። ያኔ ፍጥነቱን ብቻ ነው ያየሁት። እዚህ ከተማ ቤቲንግ ቤት ስጫወት እኮ ግድግዳው ላይ ከሎተሪ የተሰጠው ፈቃድ ተሰቅሎ አያለሁ፣ ከ1000 ብር በላይ ስበላ 15 ፐርሰንት ግብር ይቆረጥብኝ ነበር፣ ያናድደኝ ነበር እሱም፣ ግን ብንጣላ የምሄድበት በር አለ፣ የምጠራው ሰው አለ። የዚህ ሳይት ፈቃድ ገጹ መጨረሻ ላይ በደቃቅ ጽሑፍ ኩራሳዎ ይላል፣ ካሪቢያን ባህር ላይ ያለች ደሴት ናት። ብሬን ቢክዱኝ ከቦርከና ማዶ ተነስቼ የት ሄጄ ነው የምከሳቸው?

የምጫወተው አቪዬተር ነበር፣ አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ፣ አውሮፕላኗ ትነሳለች ቁጥሩ ከ1.00 ጀምሮ እየጨመረ ይሄዳል፣ ሳትጠፋ ካሽ አውት ካላችሁ በደረሰችበት ቁጥር ተባዝቶ ይሰጣችኋል፣ ከቀደመቻችሁ ተበላችሁ። ተራ ስጠብቅ ሞተሩን አጥፍቼ ስልኩን ጭኔ ላይ አድርጌ ነው የምጫወተው፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሰራተኞች ሺፍት ሲቀይሩ ሰው ሞልቶ ከኋላ "ሹፌር፣ አትሄድም እንዴ" ሲሉኝ እጄ ካሽ አውቱ ላይ ነው፣ አንዴማ አንዲት እናት ልጅ ታቅፈው ቆመው እየጠበቁኝ አንድ ዙር ልጨርስ ብዬ አቆየኋቸው፣ እሱን ሳስበው እስካሁን ያመኛል። ኔትወርክ ሲያቋርጥ ደግሞ ካሽ አውት ተጭናችሁ እየዞረ ይቆይና ሲመለስ ተበልታችሁ ልታገኙት ትችላላችሁ፣ ወደ ደሴ ስወጣ ሐረጎ ላይ ሁለቴ ሆኖብኛል፣ ሳፖርቱ "ችግሩ የእርስዎ ኢንተርኔት ነው" ነው የሚለው። የምትጫወቱ ከሆነ አውቶ ካሽ አውት የሚለው ላይ ቁጥር ሞልታችሁ ተጫወቱ፣ አውሮፕላኗ እዛ ቁጥር ስትደርስ ራሱ ያወጣላችኋል፣ የሚቆርጠው የነሱ ሰርቨር ላይ ስለሆነ የናንተ ኔትወርክ ቢጠፋም ይሰራል።

ብዙ ሰው አውሮፕላኗን እነሱ ናቸው የሚጥሏት ይላል፣ እኔም እል ነበር። ታናሽ እህቴ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነው የምትማረው፣ እሷ ናት አንብባ ያስረዳችኝ። አቪዬተርን የሰራው ስፕራይብ የሚባል ድርጅት ነው፣ በፈረንጆቹ 2019 ነው የወጣው፣ የእያንዳንዱ ዙር ውጤት የሚመጣው ሰርቨሩ ከሚያወጣው ኮድ እና መጀመሪያ ብር ካስያዙት ሦስት ተጫዋቾች ኮድ ተደባልቆ ነው፣ ዙሩ ካለቀ በኋላ ገብታችሁ ማረጋገጥ ትችላላችሁ። ስለዚ ቴሌግራም ላይ "የሚቀጥለውን ዙር የሚናገር አፕ በ1,500 ብር" የሚሏችሁ ሌቦች ናቸው፣ ሦስቱ ሰዎች ገና ሳይገቡ ማን ነው አውቆ የሚናገረው? ከኛ ተራ አንድ ልጅ ገዝቶ ብሩንም አፑንም አጥቷል።

ማጭበርበር አያስፈልጋቸውም፣ ሒሳቡ ይበቃቸዋል። ጨዋታው 97 ፐርሰንት ይመልሳል ይላል፣ እኔ 500 ባስገባ ቢብስ 485 ይዤ እወጣለሁ መስሎኝ ነበር። እንደዛ አይደለም፣ 3 ፐርሰንቱ የሚታሰበው ካስገባችሁት ላይ ሳይሆን ካስያዛችሁት ሁሉ ላይ ነው። አንድ ማታ በ20 በ20 ብር 300 ዙር ብጫወት 6,000 ብር አስያዝኩ ማለት ነው፣ በአማካይ 180 ብር እነሱ ጋ ይቀራል፣ በማግስቱም እንደዛው። ሩሌቱም፣ ኳሷ ቁጥር ላይ የምታርፍበት ጨዋታ፣ ያው ነው፣ ከ0 እስከ 36 ድረስ 37 ቁጥር አለ፣ የያዛችሁት ቁጥር ቢመታ የሚሰጣችሁ ግን 36 እጥፍ ነው፣ የጎደለችው አንዷ የቤቱ ናት።

ቦነሱ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። መጀመሪያ ቀን 500 አስገባሁ፣ 500 ቦነስ ጨመሩልኝ፣ በሁለተኛው ቀን 1,300 ደርሶ ላውጣ ስል አይሆንም አለኝ። ያኔ ነው ስልኩን ለእህቴ የሰጠኋት። ቁጭ ብላ የእንግሊዝኛውን ደንብ ሁሉ አነበበችውና ደብተሯ ጀርባ ላይ ማስላት ጀመረች። "ወንድም ጋሼ፣ የቦነሱን 30 እጥፍ ተጫወት ነው የሚለው፣ 500 ሲባዛ በ30፣ 15,000 ብር ማስያዝ አለብህ፣ ያውም በ7 ቀን ውስጥ። አቪዬተር ደግሞ አይቆጠርም፣ ስሎት ብቻ ነው።" ስሎቱ፣ ሥዕሎቹ የሚሽከረከሩበት ጨዋታ ማለት ነው፣ 96 ፐርሰንት ይመልሳል ይላል፣ ከመቶው 4 ብር ይቀራል፣ 15,000 ላይ 600 ብር። እስክርቢቶዋን አስቀምጣ "የሰጡህ 500 ነው፣ የሚወስዱብህ 600" አለችኝ። ቦነስ የሚል ካያችሁ "አልፈልግም" የሚለውን ምረጡ፣ ትንሽ ተደብቋል ግን አለ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ከቦነስ ውጪ በራሴ ብር ስጫወት አንድ ማክሰኞ ባላንሴ 6,400 ደረሰ። 6,000ውን ላውጣ ብዬ ጠየቅኩ፣ "በሂደት ላይ" አለኝ። በሦስተኛው ቀን የፋይዳ ፎቶ ላክ አሉኝ፣ መታወቂያውን ፊቴ አጠገብ ይዤ ተነስቼ ላክሁ፣ ሲያስገቡኝ አንድም አልጠየቁኝም እኮ። በአምስተኛው ቀን ስሙ አይመሳሰልም አሉ፣ አባቴ መሐመድ ነው፣ በላቲን ፊደል ፋይዳው ላይ በሁለት ኤም ተጽፏል ቴሌብሩ ላይ በአንድ። ለዚህች አንዲት ፊደል ቻት ላይ ስንት ሰዓት ተቀመጥኩ፣ በየአስር ደቂቃው "ውድ ደንበኛችን፣ እባክዎ በትዕግሥት ይጠብቁ" ነው።

እና "በሂደት ላይ" ከሚለው ጽሑፍ ስር ቀይ በተን አለች፣ "ሰርዝ" የምትል። ስትጫኗት ላወጣው ያላችሁት ብር ተመልሶ ባላንሳችሁ ላይ ይገባል፣ ለመጫወት። ለማውጣት ስም ይመሳሰል መታወቂያ ይምጣ የሚለው ሲስተም ለመሰረዝ ምንም አይጠይቅም፣ አንድ ሰከንድ ነው። እኔ 400ውን ጨርሼ ነበር፣ በስድስተኛው ማታ እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ብሩ ገብቶ እንደሆነ ልይ ብዬ ከፈትኩት፣ አልገባም፣ በተኗ ግን አለች። ከ6,000ው 2,500ውን ብቻ መለስኩ፣ በ100 በ100 ያዝኩ፣ ከዛ ለማስመለስ ብዬ በ300፣ ሃያ ደቂቃ አልፈጀም ወላሂ። ብርሃኑን አጥፍቼ ቁጭ ብዬ ቀረሁ።

በማግስቱ ለእህቴ ነገርኳት። አልተቆጣችኝም፣ "አብሽር፣ ስልኩን አምጣው" ብላ ፓስወርዱን ቀየረችውና ለኔ አልነገረችኝም። እሷ ናት ኋላ ፈልጋ ያሳየችኝ፣ እንግሊዝ አገር የቁማር ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በፈረንጆቹ 2021 ይሄን ላውጣ ያሉትን ብር መልሶ መጫወት ኦንላይን ቁማር ላይ ከልክሎታል፣ ሰው እንደሚጎዳበት ስለታወቀ። እዚህ ሳይት ላይ ግን በተኗ አለች፣ ቀይ ሆና።

በ11ኛው ቀን 3,500ው ገባ። ቴሌብሬ ላይ የመጣው የማላውቀው ሰው ስም ነው፣ ከሳይቱ ስም ጋር የሚያገናኘው ምንም የለም፣ ነገ አንድ ሰው ተነስቶ "በስህተት ነው የላክሁልህ" ቢለኝ የማሳየው ወረቀት የለኝም። የዛን ቀን የሁለት ወሩን የቴሌብር ዝርዝር አውጥተን ደመርነው፣ የገባው 14,750፣ የወጣው 3,500። 11,250 ብር፣ በሳምንት 500 የምጥለውን እቁብ ከ22 ሳምንት በላይ የሚጥል ነው።

አካውንቴን ዝጉልኝ ብዬ ስጽፍ መጀመሪያ የመለሱልኝ "300 ብር ነጻ ቦነስ ሰጥተንዎታል" ነው፣ ሁለተኛም እንደዛው ሌላ ነገር፣ በሦስተኛው ዘጉት። ለአፑ ከ5 ኮከብ 4 እሰጠዋለሁ፣ ለክፍያው 1። ተራ ላይ ያላችሁ ልጆች፣ አሁን ላውጣ ብላችሁ "በሂደት ላይ" ያለ ብር ካላችሁ ዛሬውኑ ለእህታችሁም ይሁን ለሚስታችሁ፣ ለምታምኑት ሰው ስልኩን ስጡና ፓስወርዱን ይቀይርላችሁ፣ ብሩ ቴሌብራችሁ ላይ እስኪገባ ድረስ አትጠይቁት።